የወገብ ሕመም ጥናት በብሎኬት ሠራተኞች ላይ፦ ንጽጽሩን እንዴት ልሥራው?

ፊዚዮ_ቱሉዲምቱ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ዙሪያ ካሉ የብሎኬት ማምረቻዎችና ግንባታዎች ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ የወገብ ሕመምተኞች ላይ አነስ ያለ ጥናት ለመሥራት እየተዘጋጀሁ ነው። ዕቅዱ እንዲህ ነው፦ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 55 የሆነ፣ ሕመሙ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየባቸው 40 ሰዎች፤ ለ8 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን የአካል እንቅስቃሴና ስለ ዕቃ አነሣሥ ትምህርት፤ ሲገቡና ሲጨርሱ ሕመማቸውን ከ0 እስከ 10 በቁጥር መጠየቅ፤ በመጨረሻ ልዩነቱን ማስላት።

የንጽጽር ቡድን ከሌለኝ ጥናቱ ዋጋ ያጣል? 40 ሰውስ ይበቃል? ከሕመም ቁጥር ሌላ ምን ልለካ? ደግሞ ጥቂት የማይባሉት የኤምአርአይ ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት፤ «ዲስክህ ተንሸራቷል» ተብለዋል። እነሱን ላስገባ ወይስ ልተው? ለቲቢ ማጣሪያስ እስከ ምን ድረስ ልሂድ?


ሰንጠረዥ፦

ያለ ንጽጽር ቡድን አይጀምሩት። ምክንያቱ የወገብ ሕመም ጠባይ ነው። ሰው ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሕመሙ በጠናበት ሰሞን ነው። 8 ባለበት ቀን ይመዘገባል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሲጠየቅ ምንም ባይደረግለት እንኳ ብዙ ጊዜ ወደ ተለመደው 5 ወርዶ ይገኛል። ያንን የ3 ነጥብ ቅናሽ እንቅስቃሴው ያመጣው ነው ብለው ይጽፉታል፤ ቢታሹም፣ መርፌ ቢወጉም፣ ጸበል ቢጠመቁም ያው ቅናሽ ይመጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት ላይ የወጣውን የሲድኒ የፓራሲታሞል ሙከራ ይመልከቱ። ከ1,600 በላይ አዲስ የወገብ ሕመም የያዛቸው ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፦ በሰዓቱ ፓራሲታሞል የሚወስዱ፣ ሲያማቸው ብቻ የሚወስዱ፣ ማስመሰያ ክኒን የሚወስዱ። እስኪሻላቸው የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 17፣ 17 እና 16 ቀን ሆነ። ማስመሰያው ባይኖር ኖሮ «ፓራሲታሞል በ17 ቀን ያድናል» ተብሎ ይነገር ነበር። የእርስዎ ሕመምተኞች ሕመሙ የቆየባቸው ስለሆኑ መዋዠቁ ይለያል፤ ወጥመዱ ግን ያው ነው።

ስለ ብዛቱ። ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው ሰው በግምት 15.7 ሲባዛ በስርጭቱ (የሰዎቹ ቁጥሮች ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) ካሬ፣ ሲካፈል በሚፈልጉት ልዩነት ካሬ ነው (ኃይል፣ ማለትም እውነተኛ ልዩነት ካለ የማግኘት ዕድል፣ 80 በመቶ፣ የስህተት ዕድል 5 በመቶ)። በ0–10 መለኪያ ስርጭቱን 2.5 ብለው ይያዙ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል 2 ነጥብ ልዩነት ከጠበቁ 25 ሰው በቡድን፤ 1.5 ከጠበቁ 44፤ 1 ከጠበቁ 98። 2 ነጥብ የሚለው ቁጥር ብዙ ጥናት ላይ ይገኛል፤ ግን እሱ አንድ ሰው በራሱ ላይ «ተሻለኝ» የሚልበት ለውጥ ነው፣ በቡድኖች መካከል የሚጠበቅ ልዩነት አይደለም። ሁለቱን ማምታታት የዚህ ዘርፍ ትልቁ ስህተት ነው። በ2021 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 249 ሙከራዎችን ሰብስቦ፣ እንቅስቃሴ ከምንም ወይም ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከ0 እስከ 100 በሚሄድ የሕመም መለኪያ 15 ገደማ መሆኑን አግኝቷል። በእርስዎ መለኪያ 1.5 ማለት ነው። ስለዚህ 44 ይያዙ፤ 20 በመቶ ይጠፋሉ ብለው ለ0.8 ሲያካፍሉት 55 በቡድን፣ 110 በጠቅላላ።

አንድ ችግር አለ። አንድ ማምረቻ የሚሠሩ ሰዎች ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ያንዱን እንቅስቃሴ ሌላው አይቶ ይሠራዋል። ይህን ለማስቀረት ዕጣውን በሰው ሳይሆን በማምረቻ ማውጣት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ከአንድ ማምረቻ 10 ሰው ቢወስዱና በመካከላቸው ያለው መመሳሰል 0.05 ቢሆን፣ ብዛቱ በ1.45 ይባዛል፦ 44 ወደ 64፣ ከመጥፋቱ ጋር 80 በቡድን። ይህ 16 ማምረቻ ነው። 16 ካላገኙ በሰው ያውጡት፤ መቀላቀሉ ልዩነቱን ቢያሳንሰው እንጂ አያጋንነውም። ሁለት ማምረቻ ለዚህ፣ ሁለት ለዚያ አድርጎ «በዕጣ መደብን» ማለት ግን አይቻልም።

ዕጣው እንዲህ ይውጣ። ዝርዝሩን ኮምፒውተር ያውጣው፤ በ4 እና በ6 ብሎክ ይቀላቀል፣ በየብሎኩም ከሁለቱም ቡድን እኩል ሰው ይግባ (ብሎክ ስል የእናንተን ብሎኬት አይደለም)። ወረቀቱ በካርቦን ተጠቅልሎ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ይግባ፤ ፖስታው በተራ ቁጥር ይታሸግ። የሚያስቀምጠው ሕመምተኛ የማያይ ሰው ይሁን፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጥሩ ነው። ፖስታው ከመከፈቱ በፊት የሕመምተኛው መለያ ቁጥርና ቀን በላዩ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፦ የሚያሳዝን ሰው ሲመጣ ነርሷ ፖስታውን ወደ መብራት ታነሣለች፣ ወይም የቀጣዩን ትከፍታለች። ሰኞ የመጣ ወደዚህ፣ ማክሰኞ የመጣ ወደዚያ ማለትም ዕጣ አይደለም፤ ማን የት እንደሚገባ አስቀድሞ ይታወቃልና።


አከርካሪ_ሐኪም፦

ከኤምአርአይ ልጀምር። ወረቀቱ ላይ «የዲስክ ማበጥ» መባሉ ብቻውን ሰው አያስወጣም፣ አያስገባምም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ግምገማ 33 ጥናቶችን አሰባስቦ ምንም ወገባቸውን የማያማቸውን 3,110 ሰዎች ምስል አየ። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ካሉት 96 በመቶ የዲስክ ማርጀት ነበረባቸው። የዲስክ ማበጥ ደግሞ ከ30 ወደ 84 በመቶ ይወጣል። እንግዲህ የ40 ዓመት ብሎኬት ሠራተኛ ምስል ንጹሕ ቢሆን ነው የሚገርመው። «ተንሸራቷል» የሚለው ቃል ራሱ ጉዳት አለው፤ ሰው አጥንቱ ከቦታው የወጣ ይመስለውና መንቀሳቀስ ይፈራል፣ ወይም ወጌሻ ዘንድ ሄዶ «እንዲመለስለት» ያሳሻል። ዲስክ ከሁለቱ አከርካሪዎች ጋር የተጣበቀ ነው፤ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም። ውስጡ ያለው ለስላሳ ክፍል ነው በተቀደደ ጠርዝ ወደ ውጭ የሚወጣው፤ ብዙ ጊዜም ሰውነት ቀስ በቀስ ያሟሟዋል።

መለየት ያለብዎ በምስል ሳይሆን በምርመራ ነው። ሕመሙ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ከወገብ ይልቅ እግር የሚያም፣ ሰውየው ተጋድሞ እግሩን ቀጥ አድርገው ሲያነሡለት ከ30 እስከ 70 ዲግሪ መካከል እስከ ባት የሚነዝረው ከሆነ ሲያቲካ ነው፤ ከጥናቱ ያውጡት ወይም ለብቻው ይመዝግቡት። የእግር አውራ ጣትን ወደ ላይ መሳብ ካቃተው ኤል5፣ በአንድ እግር ተረከዙን ማንሣት ካቃተውና የቁርጭምጭሚት ምላሽ ከጠፋ ኤስ1 ነርቭ ነው የተነካው (ሁለቱም ከወገብ ግርጌ ወደ እግር የሚወርዱ ነርቮች ናቸው)። ሲያቲካ ሁሉ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል ማለት ግን አይደለም። በኔዘርላንድስ በ2007 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ሙከራ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ከባድ ሲያቲካ የነበረባቸውን 283 ሰዎች ቶሎ ለሚቀደዱና ለሚጠብቁ በዕጣ ከፈለ። ከሚጠብቁት 39 በመቶው ኋላ ላይ ተቀደዱ። በዓመቱ መጨረሻ በሁለቱም ቡድን 95 በመቶው ተሽሏቸው ነበር። ቀዶ ሕክምና የሰጠው ጥቅም ፍጥነት ነው፦ የእግር ሕመሙ ቶሎ ይለቃል። ለቀን ሠራተኛ ፍጥነት ቀላል ነገር አይደለም፤ ውሳኔው ላይ መነገር ያለበትም ይኸው ነው።

በዚያው ቀን ሪፈር የሚባሉት፦ ሽንት ያጠረው ወይም ሽንት መምጣቱን የማያውቅ፣ በመቀመጫውና በብልቱ አካባቢ የደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮቹ የደከሙ። ሽንት ከሸና በኋላ በአልትራሳውንድ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ፊኛ ውስጥ ከቀረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይህ የኮዳ ኢኩዊና (ከአከርካሪ ገመድ ጫፍ ወደ ታች የሚወርዱ የነርቮች ዘለላ) መጨናነቅ ነው፤ ሰዓታት ይቆጠራሉ። «ሽንትህ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ በተለይ ሴት ባለሙያ ወንድን ወይም ወንድ ሴትን ስትጠይቅ «ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። «ሲታጠቡ ውሃው ይሰማዎታል?» የሚለው ይሻላል።

ቲቢ። በአገራችን ይህን መዝለል አይቻልም። ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ፣ ሌሊት የሚብስ፣ ተኝተውም የማይተው ሕመም፤ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፤ በአከርካሪው ላይ በጣት ሲመቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያም ወይም ጉብታ ያለበት። ትኩሳትና ሳል አለመኖራቸው አያረጋጋ፤ የአከርካሪ ቲቢ ያለባቸው ብዙዎች ሁለቱም የላቸውም። ራጅ ንጹሕ መሆኑም አያረጋጋ፤ ራጅ ላይ የሚታየው የአጥንቱ ማዕድን ሲሶ ያህሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቲቢ ሁለት ጎረቤት አከርካሪዎችንና በመካከላቸው ያለውን ዲስክ ይበላል፤ ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን ይተወዋል። ጥሬ ወተት የሚጠጣና ከብት የሚያረባ ከሆነ ብሩሴላንም (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ጀርም) ያስቡ፤ ነገር ግን በግምት ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን አይጀመር፤ ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ሪፋምፒሲኑ ብቻውን ተሰጥቶ ጀርሙን አስለምዶታል ማለት ነው።

ስለ አከርካሪ ሕክምና በዕጣ የተሠሩ ጥናቶች ሲነሡ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በኮሪያ፣ በሆንግ ኮንግ፣ በቡላዋዮና በማድራስ ያሠራቸው የአከርካሪ ቲቢ ሙከራዎች ይረሳሉ። በኮሪያዋ ማሳን ግማሾቹ ስድስት ወር ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኙ፣ ግማሾቹ ከመጀመሪያው ቀን እየተራመዱ መድኃኒት ወሰዱ፤ ውጤቱ አልተለየም። በዚያው በኮሪያ በፑሳን ግማሾቹ ዘጠኝ ወር የጀሶ ጃኬት ለበሱ፣ ግማሾቹ አልለበሱም፤ አሁንም አልተለየም። ወሳኙ መድኃኒቱ ነበር። ዛሬም ድረስ ለሕመምተኛ «ስድስት ወር ተጋደም» የሚል ሰው አለ።


ፋርማሲ_ገላን፦

አንድ ነገር ተረስቷል፦ ሰዎቹ በጥናቱ መካከል ምን ይውጣሉ? ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም ያለ ወረቀት ይገዛል፤ ብሶ ከሆነ 75 ሚሊ ግራም መርፌ ከቫይታሚን ቢ ጋር ይወጋል። የንጽጽር ቡድኑ ሕመሙ ስለቀጠለበት ብዙ ከዋጠ፣ የሁለቱ ቡድኖች የሕመም ቁጥር ይቀራረብና እንቅስቃሴው የማይሠራ ይመስላል። በየሁለት ሳምንቱ «ባለፉት 7 ቀናት ስንት ፍሬ፣ ምን ዓይነት?» ብለው ይመዝግቡ፤ ባዶውን ብልቃጥ ወይም ማሸጊያ ይዘው ይምጡ ቢባሉ የበለጠ ይታመናል። ስሙን አያውቁትም፤ «ቢጫዋ» ይሏችኋል።

ጾም ላይ ያለ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ጠዋት ከዋጠ ጨጓራው ይጎዳል፤ ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ኩላሊቱም። ሁዳዴና ረመዳን ውስጥ የሚገባ የክትትል ሳምንት ካለ መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ወደ ማታ እንዲያደርጉት ይነገራቸው። መርፌውም የራሱ ጣጣ አለው፦ በመቀመጫው መሃል ወይም ታችኛው ክፍል ከተወጋ የሲያቲክ ነርቭን ሊመታ ይችላል። ከመርፌ በኋላ ወዲያው እግሩ የተንጠለጠለ ሰው «ዲስክ ባሰበት» ተብሎ ይታለፋል። ቦታው የላይኛው የውጭ ሩብ ነው።

ለነርቭ ሕመም ስለሚሰጠው ፕሪጋባሊን፣ በብዛት ስለሚታዘዝ ልናገር። በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ሙከራ 209 የሲያቲካ ሕመምተኞችን ወስዶ በቀን እስከ 600 ሚሊ ግራም ሰጠ። በ8ኛው ሳምንት የእግር ሕመም በፕሪጋባሊን 3.7፣ በማስመሰያው 3.1 ነበር። ልዩነቱ ከአጋጣሚ የማያልፍ ነው። የጎን ጉዳት ሪፖርቱ ግን 227 ለ124፤ በተለይ ማዞር። ስካፎልዲንግ ላይ ለሚወጣ ሠራተኛ ማዞር ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።


ፊዚዮ_ቱሉዲምቱ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ዕቅዱን ከሥሩ ልለውጠው ነው። በሰው በዕጣ፣ 110። ሁለት ነገር ቀረኝ። ለንጽጽር ቡድኑ ምን ልስጥ? ባዶ እጅ መመለስ ከብዶኛል። ሁለተኛ፣ ሠራተኞቹ «ቀኑን ሙሉ ስንንቀሳቀስ እንውላለን፣ ሌላ እንቅስቃሴ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ሕመሙ የቀን ተቀን ኑሮን ምን ያህል እንዳወከ ለመለካት ከሁለቱ መጠይቆች ኦስዌስትሪ ወይስ ሮላንድ ሞሪስ የሚለውም አልተነሣም።


እንቅስቃሴ_በልክ፦

የሚሉት ትክክል ነው፤ መልሱም መታወቅ አለበት። ሥራው ተመሳሳይ ጡንቻን፣ በተመሳሳይ አቅጣጫ፣ ያለ ዕረፍት ይጭናል፤ ልምምድ ደግሞ ሸክሙን እየለካ ይጨምራል። 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት አለ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ ሁሉ ነገር ምቹ ሲሆን፣ ከወገብ ከፍታ፣ ለሰውነት ተጠግቶ ለሚነሣ ዕቃ የሚያስቀምጠው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። ከመሬት ሲነሣ፣ ሲጠመዘዙ፣ ሲደጋገም ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ «በጉልበትህ ተቀመጥና አንሣ» የሚለው ትምህርት ብቻውን ከረጢቱን አያቀለውም። ለሁለት መያዝ፣ ብሎኬቱን በፓሌት ከመሬት ከፍ አድርጎ መደርደር፣ ጋሪውን ማቅረብ ይቀድማል፤ ይህ ግን ከአሠሪው ጋር የሚደረግ ንግግር ነው። ለሁለቱም ቡድን እኩል ካልተደረገ ጥናቱን ያበላሻል።

ልምምዱ ሦስት ወይም አራት ነገር ይሁን፣ አሥር አይሁን። በጀርባ ተጋድሞ መቀመጫ ማንሣት፤ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ተቃራኒ እጅና እግር መዘርጋት፤ ዱላ በጀርባ ይዞ ወገብን ሳያጎብጡ ከዳሌ ማጎንበስ፤ ከዚያ ይኸው ማጎንበስ ሸክም ተጨምሮበት። ለሸክሙ ጀሪካን ይጠቀሙ፦ በየቤቱ አለ፣ ክብደቱም ይለካል። በ5 ሊትር ይጀመር፤ 3 ዙር 12 ጊዜ ያለ ችግር ሲሠራ 2 ሊትር ይጨመር። በልምምዱ ጊዜ ሕመሙ እስከ 2 ነጥብ ቢጨምርና በማግስቱ ቢመለስ ይቀጥላል፤ በማግስቱም ካልተመለሰ አንድ ደረጃ ይወረዳል። ይህን ደንብ በጽሑፍ ካላስቀመጡ ሁለት ፊዚዮዎች ሁለት የተለያየ ሕክምና ይሰጣሉ። ሲጽፉት ቲዲየር የሚባለውን ባለ 12 ነጥብ ዝርዝር ተከትለው ማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ሸክም የሚለውን ያስቀምጡ።

ጠዋት 12 ሰዓት ሥራ የሚገቡትን ደግሞ በተለይ ይንገሯቸው። ሌሊት ዲስክ ውሃ ይስባል፣ ያብጣል፤ በተነሡ በመጀመሪያው ሰዓት ማጎንበስ ዲስኩን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያስጨንቀዋል። ያን ሰዓት አሸዋ በመንፋት ወይም ውሃ በማጠጣት ቢጀምሩትና ከረጢት ማንሣቱን ቢያዘገዩት ይሻላል።

መራመድ የሚባለውን ሰዎች ከዎክባክ ሙከራ ይጠቅሳሉ። በላንሴት 2024 ወጥቷል፤ 701 ሰዎች፣ ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ መራመድ። ሕመሙ እስኪመለስ 208 ቀን ወሰደ፣ ባልተራመዱት 112። ግን ልብ ይበሉ፦ የገቡት በቅርብ ከሕመም የዳኑ ናቸው። የእርስዎ ሰዎች አሁን እያመማቸው ያሉ ናቸው፤ ቁጥሩ በቀጥታ አይሻገርም።

ለንጽጽር ቡድኑ፦ የተለመደው ሕክምና፣ አንድ ገጽ ወረቀት፣ የ15 ደቂቃ ንግግር፣ ከዚያም በ8ኛው ሳምንት የመጨረሻው ልኬት ካለቀ በኋላ ያው ልምምድ። ይህን ከመጀመሪያው ከነገሯቸው የሚያኮርፍ የለም። አልጋ ላይ ተኛ የሚል ምክር ግን በወረቀቱ ላይ እንዳይገባ። በሄልሲንኪ የከተማ ሠራተኞች ላይ በ1995 የታተመው ሙከራ ሁለት ቀን ከተኙት ይልቅ የቀን ተቀን ሥራቸውን የቀጠሉት የተሻሉ ሆነው ነው የተገኙት።

መለኪያ። ኦስዌስትሪ 10 ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5። አንዱ ስለ ወሲብ ነው፤ እኛ ዘንድ ባዶ ይቀራል። ባዶውን ዜሮ አድርገው እንዳይደምሩት፤ የተመለሰውን ብቻ ይቁጠሩ፦ በ9 ክፍል 18 ካገኘ 18 ለ45፣ 40 በመቶ። ሮላንድ ሞሪስ 24 የ«አዎ/አይደለም» ዓረፍተ ነገሮች ነው፤ ማንበብ ለማይችል ጮክ ብሎ ለማንበብ ይቀላል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ተፈትኖ የታተመ ትርጉም ይጠቀሙ እንጂ በራስዎ «ካልሲ»ን በ«ቦት ጫማ» አይተኩ። ደግሞ ቋንቋውን ይጠንቀቁ። ሰው «ኩላሊቴን ያመኛል» ብሎ ወገቡን የሚያሳይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ «ጀርባዬን» ሲል ደግሞ ትከሻው መካከል ሊሆን ይችላል። በኦሮምኛም «ዱግዳ» ጀርባ ነው፣ «ሙዺ» ወገብ። የሰውነት ሥዕል ያቅርቡና በእጁ ያሳይ። የስምምነት ወረቀቱም በሁለቱም ቋንቋ ይዘጋጅ።


ሰንጠረዥ፦

በላይኛው መልስ ላይ ጥቂት ልጨምር። የሚለካው ሰው የሚያሠራው ሰው አይሁን፤ ማን የት ቡድን እንደሆነ የማያውቅ ነርስ ትለካ። ሕመምተኛውም ወደ ልኬቱ ክፍል ሲገባ ምን እንደሠራ እንዳይነግራት አስቀድሞ ይነገረው፤ ይነግራታል፤ ስንቴ እንደነገራት ትመዝግብ።

ስለሚጠፉ ሰዎች። የቀን ሠራተኛ ሥራ ባለበት ይሄዳል፤ ዛሬ ቱሉ ዲምቱ፣ በሚቀጥለው ወር ለገጣፎ። ሲመዘገብ የራሱንና የሁለት ዘመዶቹን ስልክ ይውሰዱ። የፎርማኑን ስልክ ግን አይውሰዱ፤ ወገቡን እንደሚያመው ፎርማኑ ካወቀ በማግስቱ ሥራ ላያገኝ ይችላል። ቀጠሮውን ከ11 ሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ከሰዓት ያድርጉት፤ የቀን ገቢውን የሚያስቀር ቀጠሮ ሁለቴ ይከበርና ሦስተኛው ላይ ይቀራል። ለትራንስፖርት የሚሰጡት ገንዘብ ለሁለቱም ቡድን እኩል ይሁን፣ ለታክሲ ከሚበቃው ብዙ አይብለጥ።

ሲተነትኑ ሁሉንም በወጣላቸው ዕጣ ይቁጠሯቸው፤ ልምምዱን ያልሠራውንም ከልምምዱ ቡድን፣ ከጎረቤቱ ተምሮ የሠራውንም ከንጽጽሩ። ስፖርት የተባለው የአሜሪካ የዲስክ ቀዶ ሕክምና ሙከራ (2006) እዚህ ላይ ነው የተቸገረው። 501 ሰው በዕጣ ተመደበ፤ ቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው በሦስት ወር ውስጥ የተቀደዱት 50 በመቶ ብቻ፣ ካልወጣላቸው ደግሞ 30 በመቶው ተቀደዱ። ውጤቱ ተድበሰበሰ፤ ማን ምን እንዳረጋገጠ እስካሁን ክርክር ነው። እርስዎ ዘንድ ይህ እንዳይሆን በየሳምንቱ ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚያሳይ ቀላል ካርድ ይኑር፤ በየቀኑ ምልክት የሚደረግበት፣ ከምዝገባው ቁጥር ጋር የተያያዘ።

የመጀመሪያው ሰው ከመግባቱ በፊት የሥነ ምግባር ፈቃድ ያውጡ፣ ጥናቱንም በፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ያስመዝግቡ፤ ዋናው መለኪያ የትኛው እንደሆነና በስንተኛው ሳምንት እንደሚለካ እዚያው ይጻፍ። በኋላ የተሻለ የመጣውን መለኪያ መርጦ «ዋናው ይህ ነበር» ማለት አይቻልም። አንድ ይምረጡ፦ ሮላንድ ሞሪስ ከሆነ ብዛቱን እንደገና ያስሉት፤ ከላይ ያወጣሁት 44 ለሕመም ቁጥር ብቻ ነው።